የንጉሡን ፊደል በንጉሡ ገንዘብ

በኮሪያ የ10,000 ዎን ኖት ላይ ያሉት ንጉሥ ሴጆንግ ናቸው። ሃንጉል የተባለውን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1443 አስገኝተው በ1446 ለሕዝባቸው ያወጁት እሳቸው ስለሆኑ፣ ቋንቋውን ሊማር ሴኡል የገባ የውጭ አገር ሰው በየቀኑ የሚመነዝረው ዋናውን መምህሩን ነው። በታወቁት የሴኡል ዩኒቨርሲቲዎች የቋንቋ ማዕከላት አንድ ተርም 10 ሳምንት፣ 200 የትምህርት ሰዓት ነው፤ ክፍያው 1.8 ሚሊዮን ዎን አካባቢ። ሲካፈል ሰዓቱ 9,000 ዎን ይመጣል። ደወል በተደወለ ቁጥር ንጉሡ ይሄዳሉ፤ በመልስ የሚመጡት በ1,000 ዎኑ ላይ ያሉት ሊቅ ዪ ህዋንግ ናቸው።

የትምህርቱ ደረጃዎች ደግሞ ስድስት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ተርም። አንድም ሳይወድቅ የተጓዘ ተማሪ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ፊደሉ እንኳ 24 ብቻ ነው፤ ከሀ እስከ ፐ ከ200 በላይ ሆሄ በዜማ እየቆጠረ ያደገ ሐበሻ በሁለት ቀን ጨርሶት "ይህችን ነው እንዴ!" ይላል። ገንዘቡ የሚያልቀው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነው።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ለመታየት ብቻ የሚፈለግ ገንዘብ አለ። ለቋንቋ ተማሪ የሚሰጠው ዲ-4 ቪዛ እ.ኤ.አ. ከ2023 ማሻሻያ ወዲህ 10 ሚሊዮን ዎን የሚያህል የባንክ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ከዋና ከተማው አካባቢ ውጭ ለሚማር 8 ሚሊዮን ይበቃል። ገንዘቡ እንዲኖር እንጂ እንዲወጣ አይፈለግም። በአዲስ አበባ ቤተሰብ ዘንድ ይህን ማስረዳት ከኮሪያ ሰዋስው ይከብዳል። "የማይነካ ከሆነ ለምን እንበደራለን?" የሚሉ አክስት ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቁት። በብር የተሠራ በጀት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሴኡል ዋጋ ሳትጨምር የሴኡል ኑሮ በእጥፍ ገደማ ተወደደ።

የደረሰው ተማሪ የመጀመሪያ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ጎሺወን ነው። ይህ ማደሪያ መጀመሪያ የታሰበው በር ዘግተው ለመንግሥት ፈተና ለሚያጠኑ ሰዎች ነበር፤ ስፋቱም የታሰበው ለጥናት እንጂ ለመዘርጋት አይደለም። አልጋና ጠረጴዛ ከገቡበት በኋላ ሦስተኛው ዕቃ ተማሪው ራሱ ነው። ሌላ ቤት ለመከራየት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ማስያዣ ሲጠየቅ፣ እዚህ በወር ከ300,000 እስከ 500,000 ዎን ብቻ ከፍሎ ይገባል። መስኮት ከፈለገ ዋጋው ይለያል። ወደ ኮሪደር የሚያይ መስኮት አንድ ዋጋ፣ ወደ ውጭ የሚያይ ሌላ ዋጋ አለው። ፀሐይ በነፃ በሚሞቅበት አገር ላደገ ሰው ይህ መስመር በጀቱ ላይ ሲጻፍ ያስቃል፤ ጥር ላይ ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲወርድ ሣቁ ያልቅና የወፍራም ካፖርት መስመር ይጨመራል።

ብዙ ጎሺወኖች ሩዝና ኪምቺ በነፃ ያቀርባሉ። የበጀቱ አዳኝ ይሄ ነው፤ ጾም እስኪገባ። ኪምቺ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የታሸ ሽሪምፕ ይገባበታልና፣ "ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም?" የሚለው የአባቶች ሙግት በሴኡል ወጥ ቤት ውስጥ፣ ነፃ ሳህን ፊት ለፊት፣ በራብ ይቀርባል። ውሳኔው ለየነፍስ አባቱ ይተው።

ሥራስ? የኮሪያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ 10,000ን አልፎ 10,030 ዎን ሆነ። አንድ ሰዓት ሳህን ያጠበ አንድ ሰዓት ይማራል ማለት ነው። ችግሩ የቋንቋ ተማሪ ስድስት ወር ሳይሞላውና ፈቃድ ሳያወጣ መሥራት አለመቻሉ ነው፤ ሲፈቀድለትም ሰዓቱ የተገደበ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተርሞች ከቤት በመጣ ገንዘብ ካልታለፉ፣ በደሞዝ ላይ የተመሠረተው በጀት ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁሉንም በአንዴ የሚገላግለው የመንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕ ቲኬቱን፣ የቋንቋውን ዓመትና የወር ወጪውን ይሸፍናል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቶፒክ በሚባለው የኮሪያ ቋንቋ ፈተና 3ኛ ደረጃ ይጠብቃል። ልብ ያለው ሰው አንድ ነገር ያያል፦ ከፋዩ መንግሥት ራሱ ብዙዎቹን ተማሪዎቹን ለቋንቋው ዓመት የሚልከው ከሴኡል ውጭ ነው። በግል የሚከፍል ሰው ምን ነክቶት ሴኡልን ሙጭጭ እንደሚል አይገባም፤ ምናልባት ድራማዎቹ ናቸው። ቹንቾን አለች ለምሳሌ። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ የቆመባት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1968 የጎበኟት፣ "የኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት ከዚያው ዓመት ጀምሮ ያላት ከተማ ናት። ሴኡል የናፈቀው ቅዳሜ በሜትሮ ይደርሳል።

ሴኡል ሲደርስ ጓደኞቹ ሥጋ ጥብስ ቤት ይወስዱታል። ብቻውን ቢሄድ ኖሮ ብዙዎቹ ቤቶች ከሁለት ሰው ድርሻ በታች ትእዛዝ አይቀበሉትም ነበር፤ ስለዚህ ጓደኛ ማፍራት ቁጠባ ነው። ማባያው ያለ ሒሳብ ይደገማል፣ ጉርሻ አይጠበቅም፣ ቋንቋውም ከክፍል ይልቅ እዚህ ይፈታል። ከመፈታቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ "ስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድክ?" የአነጋገሩ አክብሮት በዕድሜ ስለሚወሰን መጠየቁ ነውር አይደለም። ተማሪው በአዲሱ ኮሪያንኛው ኮራ ብሎ "1995" ይላል፣ በእኛው አቆጣጠር። እነሱ በራሳቸው ያስሉታል። ባንድ ጊዜ ከገበታው ሰው ሁሉ ታላቅ ይሆናል፤ መጠጥ በሁለት እጅ ይቀዳለታል፣ አንገት ይደፋለታል። በዚያ አገር ልማድ ደግሞ ሒሳብ የሚከፍለው ታላቅ ነው። በጀቱ ላይ "ልዩ ልዩ" ከሚለው ስር የሚገባው ይኸኛው ነው።