ምጣድ ይዤ ሲኒማ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጥቂት ዓመታት አልፎታል። አዴት ያለችው አክስቴ የማኅበር ተራዋ ደርሶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሊጡ ተቦክቶ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዷ ልክ በዋዜማው አልግል አለ። «ሽቦው ተቃጥሎ ነው፤ ባሕር ዳር አሠርተህ በሄድክበት እግርህ ተመለስ» አለችኝ። ከአዴት ባሕር ዳር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሚኒባሱ በደብረ ማዊ በኩል ሽው ብሎ ይደርሳል። ምጣዱን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሠሪው ያለ ብዙ ጣጣ ሽቦውን ቀየረልኝ፤ ሒሳቡን ከፍዬ ወደ መናኸሪያ አቀናሁ። እስከዚህ ድረስ መንገዴ የተባረከ ነበር።

መሀል ላይ ግን አንድ ፖስተር አየሁ። ወንድና ሴት ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈዋል፤ እሷ ተኮሳትራለች፣ እሱ ይስቃል፤ ከሥራቸው በትልቁ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ይላል። የአገራችን ፖስተር መቼም ሰው አያታልልም፤ የሚያስጨንቅ ከሆነ «ልብ አንጠልጣይ»፣ ከልጆች ጋር የሚታይ ከሆነ «የቤተሰብ ፊልም» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። «አስቂኝ የፍቅር» ካለማ፣ እነዚያ ጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ሰዎች ኋላ ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ገና ከበር ላይ ታውቁታላችሁ። ጊዜው 8 ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪወጣ ብዙ ይቀራል። ገባሁ። ምጣዱም ገባ።

የእንጀራ ምጣድ ከወንበር ሥር አይገባም። መተላለፊያ ላይ ቢቀመጥ ይረገጣል። ስለዚህ ጭኔ ላይ አቁሜ አቀፍኩት። «ወንድም፣ ያንን ነገር ዝቅ አድርገው!» አለኝ አንዱ ከኋላዬ። ዝቅ ሳደርገው በቀኜ ያሉትን ሰውዬ ጉልበት መታሁ፤ ወደ ግራ ሳዘነብለው የአንዲቷን ልጅ ፈንዲሻ ደፋሁ። «ምንድን ነው የያዝከው?» አለችኝ። «ምጣድ።» ቃሉ በየረድፉ ተላለፈ። «ምጣድ ነው አሉ።» «የምን ምጣድ?» «የእንጀራ ነዋ!» ፊልሙ ገና ስሙን ሳያሳይ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

የእኔና የፍቅር ፊልም ፍቅር ግን የቆየ ነው። በልጅነታችን አዴት ውስጥ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን የህንድ ፊልም እናይ ነበር፤ ከቋንቋው አንድ ቃል ሳንሰማ አንድ ነገር አያመልጠንም። «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ»ን ታስታውሱት ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የወጣ ነው፤ ሙምባይ ውስጥ ማራታ ማንዲር በሚባል ሲኒማ ቤት ከ20 ዓመት በላይ በየቀኑ ታይቷል። ሻህ ሩክ ካን ልጅቷን ይዞ መጥፋት ሲችል፣ እናቷም ሂዱ እያለቻቸው፣ «አባቷ በእጁ ካልሰጠኝ አይሆንም» ብሎ ደጅ ይጠናል። ይህ ለጎጃም ልጅ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል? ሽማግሌ ልኮ ቤተ ዘመድ የሚያባብል ሰው እኮ ነው! በኋላ የራሳችን መጡ፤ በሚሊኒየሙ ዋዜማ «የወንዶች ጉዳይ»ን ለማየት የተሰለፈ ሰው ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የቱርኩን ፍቅረኛ አማርኛ አናገረው፤ በእኛ ሰፈር የቡናው ሰዓት እንኳ በእሱ ይቆረጥ ጀመር።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። ሀብታም ነኝ ብሎ የዋሸ ሹፌርና ድሃ ነኝ ብላ የዋሸች የባለሀብት ልጅ ናቸው። ተዋደዱ፤ ውሸታቸው ተገለጠ፤ ተኳረፉ። እሷ ሻንጣዋን እየጎተተች አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች፣ እሱ በታክሲ ይከተላታል። ይኼኔ መብራት ድርግም!

አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። በጨለማው ውስጥ ሙግት ተጀመረ። «ይደርስባታል።» «እንዴት ይደርሳል፣ መንገዱ ተዘግቶ?» «ወርዶ ይሮጣላ!» አንዱ ከጥግ ሆኖ «ይደርስባታል፣ ይጋባሉ፤ እኔ አይቼዋለሁ» አለ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ቢሆን ኖሮ ያ ሰውዬ ከዚያ አዳራሽ በሰላም አይወጣም ነበር። እዚህ ግን ማንም አልተቆጣውም፤ እንዲያውም «እግዜር ይስጥህ» ያለው አለ። እሱ ራሱ ደግሞ መጨረሻውን እያወቀ ከፍሎ ተመልሷል። ስልኬን አብርቼ ሰዓት አየሁ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊወጣ ነው። ስልኬን አጥፍቼ ምጣዴን አቀፍኩ።

እኛ እኮ የመጀመሪያውን የፍቅር ዕንባችንን ያነባነው በሌላ ታሪክ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃም ውስጥ የሆነ ታሪክ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ቁጭ ብሎ ሰምቷል። የማንኩሳው በዛብህና ሰብለ ወንጌል ወግና ዘር መሀላቸው ገብቶ፣ ከስሙ እንደምትረዱት፣ መጨረሻቸው መቃብር ሆነ። ያ ታሪክ እውነት ስለሆነ ነው የሚያመን፤ ስንት ሰብለ በየመንደሩ አለች! ስለዚህ መብራቱ መጥቶ ልጁ እያለከለከ ሲደርስ፣ እሷም ሻንጣዋን ስትለቀው፣ ከዚያም ሠርጉ ሲመጣ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ እኔ ያለ ብቅል ወጣልኝ። ድምፅ አውጥቼ ተንሰቀሰቅኩ። ጉልበታቸውን የመታኋቸው ሰውዬ በድንጋጤ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ምጣዱ ተሰበረብህ እንዴ?» «የለም፣ ደህና ነው።» «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» «ተጋቡ እኮ!» ሰውዬው ዝም አሉ፤ ትንሽ ቆይተው እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሚኒባሱ ሄዷል። ከዘመድ ቤት አድሬ ጎህ ሲቀድ አዴት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ ለካ አዳራሹ ውስጥ የሰፈራችን ልጅ ነበረ። ሕፃናቱ ከመታጠፊያው ጀምረው «ባለ ምጣዱ መጣ!» እያሉ አጀቡኝ። ጓሮ ስገባ አክስቴና ጎረቤቶቿ ሌሊቱን በእንጨት ሲጋግሩ አድረው ዓይናቸው በጭስ በርበሬ መስሏል። አንዷ ምጣዱን ተቀብላ ግድግዳ አስደገፈችው። አክስቴ ላብ የወረደውን ፊቷን ጠርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። መጥረጊያ ታነሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እሺ፣ ተጋቡ?» አለችኝ።

«ተጋቡ፣ እትዬ።»

«እሰይ! ወልደው ይሳሙ!» አለች። ሴቶቹም በአንድ አፍ «አሜን!» አሉ።

አክስቴ ባሏን መጀመሪያ ያየችው በሠርጓ ቀን ነው፤ ገና ልጅ ነበረች። ማን እንደሚወዳት፣ ማንን እንደምትወድ የጠየቃት ሰው የለም። የእነዚያ ሁለት ልጆች ታሪክ ውሸት እንደሆነም አሳምራ ታውቃለች። ግን መረቀቻቸው። እኔም የእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ነገር የገባኝ ያኔ ነው፤ ምርቃት ነው። ሽማግሌ ተነሥቶ «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ክፉ አይንካችሁ» ሲል «ይህን ባለፈው ሠርግም ሰምተነዋል» የሚል አለ? ስንቱ ትዳር እንደሚፈርስ እያወቅን አሜን የምንለው፣ እንዲህ ቢሆን ደስ ስለሚለን ነው። ሰው በፍቅሩ ላይ መልካም ሲነገርለት መስማት ይወዳል፤ በተለይ በራሱ ጊዜ ማንም ያልመረቀለት ሰው። «መጨረሻው ይታወቃል» እያሉ እነዚህን ፊልሞች ለሚንቁ ወዳጆቼ መልሴ ይኸው ነው፤ ይታወቃል፣ ለዚያም ነው የምንሄደው።

ረፋዱ ላይ ማኅበርተኞቹ ገብተው ጠበሉ ተቀመሰ፣ ጠላው ተቀዳ። አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በእጇ ጠራችኝ። «ና ቁጭ በል እዚህ። ልጁና ልጅቷ ይጋባሉ ብያቸዋለሁ» አለች፤ «አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገራቸው።»