ለብ ያለ ጉዳይ

የቤታችን ቦይለር አልተበላሸም፤ መከራዬም እሱ ነው። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባንድ ቀን ያልቅ ነበር፦ ቀይዋ መብራት ትጠፋለች፣ ሠራተኛ ይጠራል፣ ዋጋ ላይ እንጨቃጨቃለን፣ ወይ ይሠራል ወይ ይጣላል። የእኛው ግን መብራቱ ይበራል፤ ሲሞቅ ሆዱ ውስጥ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ጊዜው ሲደርስም ጠግቦ ከማዕድ እንደሚነሳ ሰው ቀጭ ብሎ ያቆማል። ከዚያ ቧንቧው ሲከፈት የሚወርደው ለብ ያለ ውሃ ነው። ሕፃን ለማጠብ ግሩም ነው። በሐምሌ ጠዋት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፣ ሳሙና ተለቅልቆ ለቆመ አዋቂ ግን ስድብ ነው።

ይህን ለሰው ማዋየትም አይቻልም። የሚያዝንልህ የለም። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ጎረቤት ጀሪካኑን ደርድሮ ሌሊት ሲጠብቅ እያየህ «የእኔ ውሃ ደህና አድርጎ አልሞቀም» ብለህ ስታማርር ጥጋብ ይመስልብሃል። ባለቤቴም የምትፈርደው ለጎረቤት ነው። «ለብ ካለ አይበቃህም? እናቶቻችን በምን ታጠቡ?» ትለኛለች። እናቶቻችን በድስት አፍልተው፣ በባልዲ በርዘው፣ በጣሳ እየቀዱ ነው የታጠቡት። የሚያናድደው፣ ያ ውሃ ይሞቅ ነበር።

ተጠርጣሪ ፍለጋ የጀመርኩት ከቤት ነው። ቦይለር ያለበት የአዲስ አበባ ቤት ሁሉ ለቦይለሩ አንድ ዘብ ያቆማል፤ የእኛዋ ዘብ አማቴ ናቸው። በእሳቸው እምነት የተረሳ ቦይለር ይፈነዳል፤ ካልፈነዳም ቆጣሪውን ይበላል። ለቅሶ ልንደርስ ወጥተን «ቦይለሩ ጠፍቷል?» በምትል አንዲት ጥያቄ ከመንገድ ተመልሰናል። በሕጋቸው መሠረት ቦይለር የሚበራው ሰው ፎጣውን ሲያነሳ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ይጠፋል።

እኔም ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ቦይለሩ 50 ሊትር ይይዛል፤ ኃይሉ 1,500 ዋት ነው። 18 ዲግሪ የሆነን ውሃ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት የሚጨምረው 13 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ 31 ላይ ይቆማል። የሰው ገላ 37 ነው። እንግዲህ ውሃው እኛን ሳይሆን እኛ ውሃውን ነው የምናሞቀው። ይህን በወረቀት ጽፌ ለአማቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱትና «ተው ልጄ፣ እሳት በወረቀት አይለካም» አሉኝ።

ዘመድ ጥየቃ ሄደው ባደሩ ጊዜ ቦይለሩን ሌሊቱን ሙሉ አበራሁት። ጠዋት ብከፍተው ለብ። አማቴ በነፃ ተለቀቁ፤ ውሳኔው ግን አልተነገራቸውም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ምጣድ ነበር። ማታ ሕንፃው ሁሉ እንጀራ ሲጋግር አምፖሎቻችን ይደክማሉ። 220 መሆን የሚገባው ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ኃይሉ የሚቀንሰው በካሬ ነው፤ ከ1,500 ዋት የሚተርፈው 1,000 ገደማ ይሆናል። ደስ የሚል ማብራሪያ ነበር፤ የሚወቀሰውም ሌላ ሰው ስለሆነ ይበልጥ ወደድኩት። ነገር ግን የቮልት ማነስ ውሃን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም፤ ጊዜ ከተሰጠው ይደርሳል። ሌሊት ደግሞ ማን ይጋግራል?

የቀሩት ሌቦች ውስጥ ለውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ታች የሚያወርደው ቱቦ ከተሰበረ ቀዝቃዛው ከላይ ካለው ሙቅ ውሃ ጋር ይደባለቃል። የወጥ ቤቱ ሚክሰር ካረጀም ቀዝቃዛውን ወደ ሙቁ መስመር ያሾልካል። ከሁሉ የጠረጠርኩት ግን ኖራን ነው። ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የኖራ ድምፅ ነው፤ ሬዚስታንሱን ይለብሰዋል፤ አጠገቡ ያለውን የቴርሞስታት ዘንግም አብሮ ከጠቀለለው ዘንጉ ቶሎ ይሞቅና ውሃው ሳይደርስ «ደርሷል» ብሎ ይዘጋል።

ኖራ ከተነሳ ሎዶቅያን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። ራእየ ዮሐንስን ያነበበ ያውቃታል፦ በራድም ትኩስም ባለመሆኗ የተወቀሰችው ቤተ ክርስቲያን። ፍርስራሿ ዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ ደኒዝሊ የምትባል ከተማ አጠገብ ይገኛል። በስተሰሜን ሄራፖሊስ ነበረች፤ አሁን ፓሙካሌ የምትባለው፣ ፍል ውሃዋ እስካሁን የሚንፎለፎለው። በሌላው በኩል ቆላስይስ ነበረች፤ የእሷ ውሃ ቀዝቃዛ ነው ይባላል። ሎዶቅያ ግን ሀብታም ሆና ሳለ ውሃዋን ከደቡብ በድንጋይ ቧንቧ ነበር የምታስመጣው። አንዳንድ ሊቃውንት ወቀሳው የተጻፈው ይህችኑ የቧንቧ ውሃ በማሰብ ነው ይላሉ፤ ሌሎች አይደለም ብለው ይሟገታሉ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ለመገመት ሊቅነት አያስፈልግም። የድንጋዩ ቧንቧ ስብርባሪም ዛሬ ድረስ አለ፤ ውስጡ በወፍራም ኖራ ተሸፍኗል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፎቶውን ሳይ ግን የእኛን መታጠቢያ ቤት ያየሁ መሰለኝ።

በዚህ ብቻ አላበቃም። ከዚያው ከፍርስራሹ መካከል፣ በ114 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የውሃ ሕግ የተቀረጸበት እብነ በረድ ተቆፍሮ ወጥቷል። ውሃውን ለራሱ የጠለፈ ሰው 5,000 ዲናር ይቀጣል፤ ከባዱ ቅጣት እስከ 12,500 ይደርሳል። በማቴዎስ ወንጌል የወይኑ አትክልት ሠራተኛ የቀን ደመወዝ አንድ ዲናር መሆኑን አስታውሱና አስሉት፦ 5,000 ዲናር ከ13 ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት መሥራት ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት የሁለተኛ ፎቁን ጎረቤታችንን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ከጋራው መስመር ላይ ዲናሞ ገጥሞ ከላይ ያለነውን ሁሉ የሚያደርቀን ሰው ነው። ሞቅ አድርጌ ሰላም አልኩት፤ በሆዴ ግን ዲናር እቆጥር ነበር።

ወደ ቦይለሩ ልመለስ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ፤ ትሑት ልጅ ነው። ክዳኑን ፈታ፣ በቴስተር ነካ ነካ አደረገና «ይሠራል እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። መሥራቱንማ አውቃለሁ፤ አይሞቅም ነው የምልህ አልኩት። እጁን ቧንቧው ሥር አቆየና «ሞቋል እኮ» አለ። እሺ፣ የቦይለሩን መግቢያ ዝጋና የሙቁን ቧንቧ ክፈት፤ ውሃው ካላቆመ ቀዝቃዛው በሌላ በኩል እየሾለከ ነው ማለት ነው አልኩት። «እሱማ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው ጋሼ፤ እኔ መብራት ነኝ።» የቧንቧ ሠራተኛው መጣ፤ አየና «ሙቀት የመብራት ነው» ብሎ የመጣበትን ተቀብሎ ሄደ።

የመብራቱ ልጅ ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። ቢጫና አረንጓዴ የሆነችውን ሽቦ በፒንሳ ቆርጦ ወረወራት። «ይቺ ትርፍ ናት። ሕንፃው ኤርዝ የለውም።»

እዚህ ላይ ጨዋታዬ አለቀ። ሶኬቱን አስፈታሁት፤ እውነቱን ነው፤ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተያያዘችም። ይህን ሕንፃ የሠራው ሰው ለመግቢያው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ለበሩ ወርቅ ቀለም ያለው እጀታ ገዝቷል። መሬት ውስጥ ለሚቀበር ዘንግና ለአንዲት ሽቦ ሲሆን ግን ገንዘብ ቆጠበ፤ ስለማይታዩ። እርጥብ ገላ፣ ውሃና ኮረንቲ ባንድ ጠባብ ክፍል ሲገናኙ በመሃላቸው ቆማ የምትገላግለው እኮ ያቺ «ትርፍ» ናት! ስንት ቤት ነው ሻወሩ «ትንሽ ነዘር ያደርጋል» ተብሎ ሰው ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚታጠበው? ኮረንቲን በላስቲክ ጫማ አታልለን በማግስቱ ለእንግዳ እንደ ቀልድ እናወራዋለን። ሴፍቲ ቫልቩ ስለሚያንጠባጥብ በእንጨት የሚወትፈውም ይኸው ሰው ነው፤ ግፊቱ የሚወጣበትን ደፍኖ ሲያበቃ «ቦይለር ይፈነዳል» ብሎ የሚፈራውም እሱ። ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ ይሠራል እኮ።

ልጁን ምን ልበለው? ደንግጦ ሽቦዋን ከወለሉ አነሳና መልሶ ሊቀጥላት ሞከረ፤ ከየት ጋር እንደሚያገናኛት ግን እሱም እኔም አናውቅም። ቡና አስፈላሁለት። የኤርዙን ጉዳይ ለሕንፃው ኮሚቴ አቅርቤያለሁ፤ «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» ብለውኛል፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እስከዚያው በቤታችን ብሬከሩ ሳይወርድ ገላውን የሚታጠብ የለም። በአማቴ ዘንድ ያለኝ ክብር ከመቼውም በላይ ከፍ ብሏል።

ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቀዝቃዛው ቧንቧ ከሙቁ ይልቅ እንደሚሞቅ ደርሰውበታል። ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁር ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጥዶ ይውላል፤ ያለ ቆጣሪ፣ ያለ ቴርሞስታት። አሁን በዘጠኝ ሰዓት ማን ቀድሞ ይግባ የሚል ጠብ ተጀምሯል፤ የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤትም ነገሩ ሳይሸተው አልቀረም።

ይህን ዱባይ ላለችው እህቴ በስልክ ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው። እዚያ በበጋ የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ ያቃጥላል አለችኝ፤ ስለዚህ ቦይለሩን ያጠፉትና ውሃው ቤት ውስጥ ታንከሩ ውስጥ ተቀምጦ ሲበርድ ከሙቁ ቧንቧ ይታጠባሉ። «የማያሞቅ ቦይለር ነው እኛ ያጣነው፤ ላከው። ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለች። ኪሎውን ለማወቅ ከግድግዳው ማውረድ፣ ለማውረድ ውሃውን ማራገፍ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የመብራት ሥራ ይሁን የቧንቧ ሁለቱ ሠራተኞች እስካሁን አልተስማሙም።