ግሉኮስ የተተከለለት ካሜራ

የጥር ሰርግ ላይ ነን። ካሜራዬ ትሪፖድ ላይ ቆሟል፤ ከሆዱ የወጣው ገመድ ትሪፖዱ እግር ላይ በፕላስተር ካሰርኩት ፓወር ባንክ ጋር ተገናኝቷል። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ጠጋ አለና፣ «ካሜራህ ታመመ እንዴ? ግሉኮስ ተክለህለታል!» አለኝ።

«የእኔ ግሉኮሱን ይዞ ቆሞ እየሠራ ነው፤ ያንተ ነው ባለፈው እሑድ ቀለበቱ ሲጠለቅ ጠብታ አጥቶ የሞተው።»

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነው። «አባ፣ ባትሪ እስክቀይር ይቆዩኝ» ተብሎ ቄስ አይለመንም።

ብዙዎቻችን የምንይዘው የካኖን ኤልፒ-ኢ6ኤን ባትሪ 7.2 ቮልት፣ 1865 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ፎቶ ብቻ ለሚያነሳ ይበቃል። ቪዲዮ ሲቀረጽበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዓት አይሞላም። የእኛ ሰርግ ደግሞ ጠዋት ከሙሽሪት ቤት ይነሳና ምሳው፣ ኬኩ፣ ጭፈራው እያለ ይመሻል። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ቻርጀር ይዞ ሶኬት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

መላው ደሚ ባትሪ ነው፤ መልኩ ባትሪ፣ ግን ከጎኑ ገመድ የወጣለት። ባትሪው ቦታ ይገባል፤ ገመዱም የባትሪው በር አጠገብ ባለችው ትንሽ የጎማ ክዳን ይወጣል። ያቺን ክዳን ስንቱ ካሜራማን ለዓመታት ይዟት ሳያውቃት ኖሯል! እሷን ሳይከፍት በሩን በግድ የሚዘጋ ወይ ገመዱን ይጎዳል፣ ወይ በሩን ይሰብራል።

«የዩኤስቢ ገመድ ቆርጬ ራሴ ብቀጥለውስ?» አለኝ ያው ወዳጄ።

«ሰባት እንግዳ ጠርተህ አምስት እንጀራ ታቀርባለህ?»

ዩኤስቢ በተለምዶ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፤ ይህ ካሜራ ከ7 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ደሚው ለካሜራችሁ ባትሪ ዓይነት የተሠራ፣ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ክፍልም ያለው መሆን አለበት። ከልኩ ያለፈ ቮልት ደግሞ የካሜራውን ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

«እኔ እኮ አሥር ሺህ የሚል ፓወር ባንክ አለኝ፤ የአምስት ባትሪ ጉልበት ነው!»

«ብርና ዶላርን በቁጥር ብቻ ካወዳደርክ፣ አዎ።»

10000ው የተቆጠረው በ3.7 ቮልት ስለሆነ ጉልበቱ 37 ዋት-ሰዓት ነው። የካሜራው ባትሪ 13.4 ገደማ ይይዛል። ሲካፈል ሦስት እንኳ አይሞላም። ቮልቱ ከፍ ሲል በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስለት የሚተርፈው የሁለት ባትሪ ያህል ነው። እኔ ለዚህ ነው 20000 የምይዘው። 20000 ተብሎ ተጽፎበት እጅግ ከቀለለ ግን የተጻፈውን ተጠራጠሩት።

የሙሽራው አጎት ገመዱን አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰው ይጠልፋል» አሉኝ። ለእሳቸው መልስ አልነበረኝም፤ እውነታቸውን ነው። «እሺ ጋሼ» ብዬ የተንጠለጠለውን ገመድ ሰብስቤ ትሪፖዱ ላይ አሰርኩት። በደሚ የሚሠራ ካሜራ ገመዱ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል፤ እየተቀረጸ የነበረው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ያለው የባትሪ ምልክትም ፓወር ባንኩ ውስጥ የቀረውን አያሳይም። የፓወር ባንኩን መብራት ራሱን እዩ፤ ስትቀይሩም መጀመሪያ ቀረጻውን አቁሙ። ካሜራው በራሱ እንዳይተኛም ሴቲንጉን አስተካክሉ፤ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ካሜራው ሲተኛ የሚስበው ኃይል ያንስበትና አብሮ ይዘጋል።

እንደ ካኖን አር6 ያሉት ካሜራዎች በዩኤስቢ-ሲ ኃይል ስለሚቀበሉ ደሚ አያሻቸውም፤ ፒዲ የሚባለውን አሠራር የሚችል ፓወር ባንክ ግን ይፈልጋሉ። ባትሪያቸው ውስጥ ስለሚቆይ ገመዱ ቢነቀልም አይጠፉም። አቅሙ ያለው እንዲህ ያለውን ካሜራ ይግዛ።

ደሚ የገዛችሁ ደግሞ ወደ ሰርግ ከመውጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ፓወር ባንኩን ሞልታችሁ እስኪያልቅ ቅረጹበት። የቆየበትን ሰዓት በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ የፓወር ባንኩ ጀርባ ላይ ለጥፉት።