እበት የማይወድ ተክል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣ አረካ።

ደብዳቤ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው በስልክ «ሥጋ የሚበላ ተክል አሳድጋለሁ» ስልሽ ጎረቤት ጠርተሽ ጸሎት አስይዘሽልኛል አሉ። ጸሎት አይጠላም፤ ነገሩ ግን ሰይጣን የለበትም። ታናሽ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ እንደ ልማዷ እየዘለለች አይሁን።

ተክሉ የኬፕ ድሮሴራ ይባላል። የዚሁ የኬፕ አገር ተወላጅ ነው፤ ስደተኛው እኔ ነኝ። ቅጠሉ ላይ ቀያይ ፀጉሮች አሉት፤ በየፀጉሩ ጫፍ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ተንጠልጥሏል። ትንኝ ማር ያገኘች መስሏት ታርፍና ተይዛ ትቀራለች። ስትፍጨረጨር የቀሩት ፀጉሮች ይጎነበሱባታል፤ ቅጠሉም ቀስ እያለ ይጠቀልላትና በራሱ ፈሳሽ ያሟሟታል። የሚተርፈው ቅርፊቷ ብቻ ነው።

«ምን ቢጎድልበት?» ማለትሽ አይቀርም። አፈሩ ነው የጎደለበት። የሚበቅልበት ረግረግ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከትንኝ ይወስዳል። ያስተማርሽኝ ሁሉ ከንቱ የቀረው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ማለዳ በረት ጠርገሽ እበቱን እንሰት ሥር ስታፈሺ አይደል ያሳደግሽኝ? ይህን ግን እበት ብታቀምሽው ሥሩ ተቃጥሎ ይሞታል። የሚፈልገው ፒት የሚባል የረግረግ ብስባሽ በአሸዋ ተደባልቆ ነው፤ ሌላ ምንም። የቧንቧ ውሃ እንኳ ማዕድን አለው ብሎ ይጠየፋል። እኔ ከቧንቧው እጠጣለሁ፣ ለእርሱ ዝናብ አጠራቅማለሁ። በዚህ ቤት ጌታው ማን እንደሆነ ይኸው።

ክፍሌ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ናት፤ መስኮቷም የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ታያለች። ስለዚህ ከመደርደሪያው በላይ የኤልኢዲ መብራት ሰቅዬለታለሁ፤ በቀን 14 ሰዓት ይበራለታል። ብርሃን ሲያንሰው ይገረጣል፣ ሙጫውም ይነጥፋል፤ ሲበቃው እንደ በርበሬ ይቀላል። አከራዬ ሌሊት በበሩ ሥር ሐምራዊ ብርሃን አይተው፣ የሚጨስ ቅጠል የተከልኩ መስሏቸው አንኳኩ። የትንኝ በላተኛ መሆኑን ሳሳያቸው ቅር ሳይላቸው አልቀረም። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 እዚህ መብራት በየቀኑ ማለት ይቻላል በፈረቃ ሲጠፋ አገሬው ሁሉ ተንጫጫ፤ እኔ አረካ አድጌ ምን ይገርመኛል? ሻማዬን አበራሁ። ተክሉም ጥቂት ሰዓት ቢጨልምበት ምንም አይሆንም።

እዚህ ቴብል ማውንቴን በሚባለው ተራራም የድሮሴራ ዘመዶች በየረግረጉ ይበቅላሉ። አገሬው በተራራው ሲኮራብኝ ዝም እላለሁ፤ ቁመቱ 1,086 ሜትር ነው፣ የኛው ዳሞታ ተራራ ከእጥፉ በላይ መሆኑን ማን ይንገራቸው።

ቻርልስ ዳርዊን የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1875 ስለ እነዚህ ተክሎች መጽሐፍ አሳትሟል። ለአገሩ ድሮሴራ ጥሬ ሥጋና የእንቁላል ነጭ ያቀምሰው ነበር። ጥሬ ሥጋ ያለ ዳጣ! ወላይታ ቢሆን ሽማግሌ ይላክበት ነበር። ልጁ ፍራንሲስ ደግሞ ሥጋ የበላው ካልበላው አብልጦ ዘር እንደሚሰጥ በ1878 አሳየ።

አሁን አንቺን ደስ የሚያሰኝ ወሬ ላውጋሽ። እዚሁ ኬፕ ውስጥ ሮሪዱላ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ነፍሳትን በሙጫው ይይዛል፣ ራሱ መፍጨት ግን አይችልም። ሙጫው የማይይዛት አንዲት ትንሽ ተባይ ላዩ ላይ ትኖራለች፤ የተያዘውን እሷ ትመጥጠውና ቅጠሉ ላይ ትጸዳዳለች። ተክሉ የሚጠግበው በዚያ ነው። በእበት! እናቴ፣ ከነበረቱ የሚኖር ተክል ተገኘልሽ። አረካ እርሻ ምርምር ማዕከል እንሰት የሚያጠኑትን ካገኘሻቸው አውጊልኝ፤ ይስቃሉ። እኔም አንድ ብተክል ደስ ባለኝ፣ ግን ለዚህች ክፍል ይተልቃል።

ለጎረቤቶችሽም፣ ዩትሪኩላሪያ የሚባል ሥር የሌለው የውሃ ተክል በገዛ አገራችን ሐይቅና ረግረግ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት እየሳበ እንደሚበላ ንገሪያቸው።

አክስቴ ለዝንብ ማጥፊያ አንድ ይላክልኝ ማለቷን ሰምቻለሁ። የኔው አቅሙ የሙዝ ትንኝ ነው፤ የበረት ዝንብ ታግሎት ያመልጣል። ጭራዋን አትጣል በያት። ለጊፋታ በዓል የላክሁት ገንዘብ ሲደርስሽ ለሥጋው አድርጊው፤ ዳጣውን ግን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። አይዞሽ፣ ተክሉ አይቀምሰውም።

ልጅሽ፣
ከኬፕታውን