የሚኒሶታው አከራይ

ወንድሜ የሚኖረው ሚኒሶታ ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ የሚያከራየው ቤት አለው። የኪራይ ገቢ ግብሩን በየዓመቱ በኤሌክትሮኒክ ይከፍላል። ለጓደኞቹም በኩራት ይናገራል፤ «ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ጫማ እንኳ ሳላደርግ ከፈልኩ» ይላል። ጫማ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመትማ እኔን ጨርሶ አላስፈለግሁትም ነበር። የፌዴራሉ ገቢዎች ሚኒስቴር ኢ-ታክስ የሚባል ድረ ገጽ እንዳለው ሰምቶ፣ ከሥራ ሲገባ ሌሊት ሌሊት እሱ ላይ ሲያፈጥ ከረመ። መጨረሻ ላይ ደወለና «ሲስተማችሁ አይሠራም» አለኝ። ሲስተሙስ ደህና ነው፤ ያንኳኳው የሰው በር ሆኖ ነው እንጂ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት፣ ክልል ውስጥ ካለ የግለሰብ ቤት የሚገኘውን ኪራይ የሚያስገብረው ክልሉ ነው። ይህን ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ አንተ ቅርብ አይደለህ?» አለ። በዚች ቃል ተሾምኩ።

ሹመቱ ያለ ወረቀት አይጸናምና ውክልና መጣ። ቆንስላ ያረጋገጠውን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ያረጋግጠዋል፤ ውጭ ጉዳይ ያረጋገጠውን ደግሞ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘግበዋል። እኔም በ2006 በተመረቀው የፍጥነት መንገድ አዲስ አበባ ደርሼ ተመለስኩ። መንገዱ በእውነት ፈጣን ነው፤ ወረፋው ላይ ብቻ ነው ፍጥነቱ የሚያልቀው።

የሰፈራችን አከራይ አብዛኛው ደረጃ «ሐ» የሚባለው ግብር ከፋይ ነበር። የሒሳብ መዝገብ አይዝም፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ባለው ጊዜ ከፍሎ ይገላገል ነበር። ሐምሌ እዚህ ስሙ የተፈራ ወር ነው፤ በ2009 የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስከመዝጋት ተደርሶ ነበር። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ፣ መዝገብ ለማይዝ አከራይ የኪራዩን ግማሽ ለጥገናና ለእርጅና ብሎ ከግብር እንደቀነሰለት ለወንድሜ ነግሬው ነበር፤ የክልሎቹም ሕግ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ደስታው ወሰን አልነበረውም። ችግሩ ተከራዩም ሰምቷል። «መንግሥት ለጥገና ብሎ ቀንሶለት የለ? ታዲያ ይቺ ጣሪያ እስከ መቼ ታፈስብናለች?» ይለኛል። መልስ የለኝም፤ በውክልናው ላይ ስለ ጣሪያ የተጻፈ ነገር የለም።

አሁን ወደ ኤሌክትሮኒኩ እንምጣ። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ያለው ሁሉ ከፋይ ሆኗል። ወንድሜም ገንዘቡን ራሱ ካልከፈለ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስልኬ ላይ ቢልክልኝ ከፍዬለት ባረፍኩ ነበር። ነገር ግን ለመክፈል የሚያስፈልገው የሚስጥር ቁጥር የሚመጣው በኢትዮጵያ ሲሙ ነው፤ ሲሙን ደግሞ ሲሄድ የተወው እናታችን ጋ ነው። ሲሙ እንዳይዘጋ ካርድ የምሞላው እኔ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ሲመጣ የምታነበው እሷ። እኔ ልጠጋ ብል «ዓይን አለኝ» ትለኛለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩ የገባ ዕለት፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፣ እዚህ ነግቷል። በቪዲዮ ደወለ። እማዬ መነጽሯን እስክታገኝ፣ ሰላምታውም እስኪያልቅ (ሐምሌም ሆኖ ስለ በረዶው ጠይቃዋለች) ቁጥሩ ጊዜው አለፈበት። ሁለተኛው ገባ። ስልኩን ከፊቷ አርቃ ይዛ፣ «አራት መቶ... አሥራ ስምንት ሺህ...» ስትል ድምፅዋ ተለወጠ።

«ወይኔ ልጄን! ይሄን ሁሉ ነው የጠየቁህ?»

«እማዬ፣ ብሩ አይደለም! አንድ በአንድ ንገሪኝ፤ አራት፣ አንድ...»

«በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነማ በየወሩ ክፈላቸው» አለችው።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጎረቤት ቡና ላይ ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች ተወርቶ ኖሯል። መልእክቱም ራሱ «ለማንም አይንገሩ» ይላል። እማዬ አልነግርም አለች። «ልጅሽ እኮ ነኝ!» ቢላት፣ «ልጄ መሆንህን በምን አውቃለሁ? አሁን ድምፅም ፊትም ያስመስላሉ አሉ። ፍራንኮ ሰፈር ሳለን የነበረው ውሻችን ስሙ ማን ነበር?» ወንድሜ ረስቶታል። እኔ አጠገቧ ቆሜ በምልክት ልነግረው ስሞክር አየችኝና ሁለታችንንም ተጠራጠረች። ውሻው ከሞተ ዘመኑ ነው፤ ግብራችንን ግን ያኔ ያሳደረው እሱ ነበር።

ግብሩ ተከፍሎም ነገሩ አያልቅም። ወንድሜ የአሜሪካ ዜጋ ሆኗል፤ አሜሪካ ደግሞ ዜጋዋ የትም ያግኝ የት ገቢውን ትጠይቃለች። እንዲህ የሚያደርጉ አገሮች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ውጭ ካሉ ልጆቿ 2 በመቶ የምትሰበስበው ጎረቤታችን ኤርትራ አንዷ ናት። የእኛዋ ውጭ የሚኖረውን ሰው የምትጠይቀው እዚሁ ካገኘው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የአዳማው ኪራይ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ ሚኒሶታም ላይ መነገር አለበት። እዚህ የተከፈለው እዚያ ይታሰብለታል፤ ደረሰኝ ካለ።

ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። በአፋን ኦሮሞ ስለተጻፈ፣ ፊደሉም የላቲን በመሆኑ፣ ሒሳብ የሚሠራለት አሜሪካዊ አንድም ቃል ሳይደነቃቀፍ አነበበው አሉ፤ ምን እንዳነበበ ግን አልገባውም። ቀኑ ላይ ሲደርስ 12/11/2017 ይላል፤ ሐምሌ 12 መሆኑ ነው። ሰውዬው ዲሴምበር 11 ብሎ አነበበና «የስምንት ዓመት ደረሰኝ ምን ይሠራልኛል?» አለ። ወንድሜ እንደገና ደወለ። «ከዚህ ዓመት ጻፉልኝ በላቸው» ይለኛል። እንዴት አድርጌ? እዚህም እኮ ዓመቱ ያው ነበር። በመጨረሻ ትርጉም ቤት ሄጄ፣ የዘመን አቆጣጠራችንን የሚያስረዳ አንድ ገጽ አስጽፌ፣ ማኅተም አስመታሁበት። ማኅተሙ ትልቅ ነበር፤ አሜሪካዊው ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም።

ባለፈው ወንድሜ ደወለ፤ በጣም ደስ ብሎታል። «ጓደኞቼ ያንተን ሲስተም አደነቁ። የእነሱ ወኪሎች ስልክ አያነሱም። አንዱ ቢሾፍቱ ሆራ አካባቢ፣ አንዱ ባቱ ቤት አላቸው። ውክልናውን ልከዋል፤ ሲማቸውንም ዘመድ ያደርስልሃል።»

እማዬ ከጓዳ ሰምታ ኖሯል። «የኔ ስልክ ከሁለት ሲም በላይ አይዝም» አለች። «ሌላ ስልክ ይላኩ በለው፤ ጽሑፉ ተለቅ የሚል። የውሾቻቸውንም ስም ጽፈው ይላኩ።»