የአቶ 300 ሚሊሰከንድ አጭር የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ድንኳን ጥለን የምንሸኛቸው አቶ 300 ሚሊሰከንድ ከአባታቸው ከሳፋሪና ከእናታቸው ከመጀመሪያዋ አይፎን ሰኔ 22 ቀን 1999 ዓ.ም አሜሪካን አገር ተወለዱ።

ያኔ አብዛኛው ድረ ገጽ ለኮምፒውተር የተሰፋ ስለነበር ስልክ ላይ ፊደሉን ለማጉላት አንዱ መንገድ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መንካት ነበር። ሟችም አንዴ ሲነኳቸው ወዲያው «አቤት» አይሉም፤ ሁለተኛው ንክኪ ይመጣ እንደሆን የሰከንድ ሲሶ ያህል ያዳምጣሉ። በር ሲንኳኳ ሰው ይሁን ነፋስ ሳይለዩ ከመደብ የማይነሡ ሽማግሌ ነበሩ።

እኛ ሰፈር ብዙም አልተጠሉም። ኔትወርኩ ሸፈናቸው። ገጹ እስኪከፈት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው በሚቀዳበት ዘመን የሰከንድ ሲሶ ማን ይቆጥራል? ድረ ገጽ ሠርቼ የማድረው እኔ እንኳ ጥፋታቸውን ሁሉ በኔትወርክ ሳሳብብ ኖሬያለሁ።

የለንደኑ ፋይናንሻል ታይምስ ባለሙያዎች ግን አልታገሡም፤ ፋስትክሊክ የሚባል መድኃኒት ቀመሙባቸው። እኔ ይህን ሳልሰማ በገዛ እጄ ልገላግላቸው ሞክሬ ነበር። ጣት ከመስታወቱ እንደተነሣ ምናሌው እንዲዘጋ አደረግሁ። ሟች ዘግይተው የራሳቸውን ክሊክ ይዘው ሲደርሱ ምናሌው የለም፤ ክሊኩ ከሥር የነበረው «ሰርዝ» ላይ አረፈ። የደንበኛዬ ትእዛዝ ጠፋ። በሙያችን ጎስት ክሊክ ይሉታል፤ ሳይሞቱ መንፈሳቸው መዞር ጀመረ ማለት ነው።

ሕመማቸው የጠናው በጥር 2006 ነው። ክሮም 32 አንድሮይድ ላይ፣ «ስፋቴ በስልኩ ልክ ነው» የሚል ገጽ ሁለተኛ ንክኪ አይጠበቅበትም ብሎ ወሰነ። በመጋቢት 2008 አባታቸው ሳፋሪም ፊቱን አዞረባቸው። በመሃሉ፣ የካቲት 2007 ላይ፣ ማውስ፣ ጣትና ብዕር ፖይንተር ኢቨንትስ በሚባል አንድ እድር እንዲታቀፉ ደንብ ጸድቆ ነበር፤ ሳፋሪ ግን እስከ መስከረም 2012 መዋጮ ሳይከፍል ቆየ። «ስፋቴ በስልኩ ልክ ነው» የሚለውን መስመር ባልጻፉ አሮጌ ገጾች ላይ ዛሬም ሟችን አየን የሚሉ አሉ።

ያወረሱን ሁለቴ መንካትን ነው። የእድራችንን መክፈያ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ትናንት አንድ ጋሼ «ክፈል»ን ነኩ፤ መልስ ሲዘገይባቸው ደገሙት፤ መዋጮው ሁለቴ ገባ። ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ቁልፉን መዝጋት የእኔ ሥራ ነበር፣ በሟች አላሳብብም። «ልመልስልዎ ጋሼ?» ብላቸው፣

«ተወው፣ ለንፍሮው ይሁን» አሉኝ።