ትርጉም አይጠየቅም

ናይጄሪያዊው ጎረቤቴ ስክራብል ሊያስተምሩኝ ሲነሱ ያወጡልኝ የመጀመሪያ ሕግ የቃል ትርጉም አለመጠየቅ ነበር። «ትርጉም የሚፈልግ ሰው ልቦለድ ያንብብ» አሉኝ። ልቦለድ የሚለውን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የታየው ነገር ሐኪም የበሽታ ስም ሲጠራ የሚታየው ዓይነት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት ልቦለድ ሳነብ ነው፤ እንግሊዝኛዬንም የለቀምኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከወፋፍራም ልቦለዶች ነው። ስለዚህ ቃል ገጣጥሞ ነጥብ በሚለቀምበት ጨዋታ እንደ እሳቸው ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ይበልጠኛል ብዬ በምን ልጠርጥር?

በመጀመሪያው ጨዋታ ቀዳሚው እኔ ነበርኩ። «ጀንትል» የሚል ቃል ሠራሁ። የዋህ፣ ለስላሳ፣ ጨዋ ማለት ነው፤ ስንት ደግ ገጸ ባሕርይ በዚህ ቃል ሲገለጽ አንብቤያለሁ። መሐል ላይ ስላረፈ እጥፍ ሆኖ 14 ነጥብ አስገኘልኝ። ጥቂት ቆይተው እሳቸው ኪው የተባለችውን ፊደል ሦስት እጥፍ በሚቆጥር ቤት ላይ አስቀመጡና በአግድምም በቁልቁልም ከአይ ጋር አጋጠሟት። «ቂ» አሉኝ። በሁለቱም በኩል «ቂ»። 62 ነጥብ!

«ቂ ደግሞ ምንድን ነው?» ስላቸው ሕጉን አስታወሱኝ።

በዓለም አቀፉ ውድድር የሚፈቀዱት ባለሁለት ፊደል ቃላት 127 ናቸው። ግማሹን የሚያክሉት አንድ ሰው እግሩን ድንጋይ ሲመታው የሚያወጣቸው ድምፆች ይመስላሉ። ቪ የምትባለዋ ፊደል ብቻ ከነዚህ አንዱም ውስጥ አትገባም፤ የማትጣጣም አማት ናት። (የራሴን አማት ማለቴ አይደለም፤ እሳቸው ወደ ኋላ ይመጣሉ።)

ትርጉም መናቅ ከጥንስሱም ያለ ነው። ጨዋታውን የፈለሰፈው አልፍሬድ ባትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት ወቅት ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይቆጥር ነበር። ልብ በሉ፤ ጋዜጣውን ቆጠረው እንጂ አነበበው የሚል አልሰማሁም። ከ100ዎቹ የፊደል ጠጠሮች 12ቱን ለኢ፣ አንድ አንድ ብቻ ለኪው እና ለዜድ የሰጠው በዚህ ቆጠራ ነው። ኤስን ግን ሆን ብሎ አራት ላይ አቆማት፤ ሰው ሁሉ ቃል መጨረሻ ላይ እየለጠፈ «ብዙ ቁጥር» እያለ እንዳይቀልድበት።

ጎረቤቴ ሲጫወቱ ከሚያወርዱት ፊደል ይልቅ የሚያስጨንቃቸው የሚያስቀሩት ነው። 30 ነጥብ የሚያስገኝ ቃል እያለላቸው 24 የሚያስገኘውን ይመርጣሉ። እኔ በልቤ «አረጁ» ስል እሳቸው ኤስን ወይም የፈለጉትን ፊደል የምትሆንላቸውን ባዶ ጠጠር ደብቀዋል። በሚቀጥለው ተራ በእጃቸው ያሉትን ሰባቱንም ጠጠር በአንዴ ያወርዳሉ፤ ለዚህ ደግሞ 50 ነጥብ ምርቃት አለው። ሁለት ዩ ወይም ሦስት አይ ከተጠራቀመባቸው ግን ተራቸውን መሥዋዕት አድርገው ጠጠሮቹን ይቀይራሉ። እኔ ተራዬን ከምሰጥ ጥርሴን ብሰጥ ይሻለኛል።

የቤት ሥራ ሰጡኝ። ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ። እነዚህን ሰባት ፊደላት በዚህ ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት መድገም ነው። ቢያንስ ዘጠኝ ቃል ይወጣቸዋል፤ «ሪቴይንስ»፣ «ናስቲየር»፣ «ሬትሲና» እያለ ይቀጥላል። አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ «ሬትሲና፣ ሬትሲና» ስል ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ።

«ማናት?»

ትርጉሙን አላውቅም ብሎ መመለስ ለስክራብል ተገቢ ቢሆንም ለትዳር አይበጅም። የግሪክ ወይን ጠጅ መሆኑን ያወቅኩት በነጋታው ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ አልረዳኝም።

ጎረቤቴ ግን ትርጉም ሸክም መሆኑን የሚያሳዩበት ማስረጃ አላቸው። ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር የጨዋታውን የፈረንሳይኛ ቃላት ዘጠኝ ሳምንት በሚያህል ጊዜ ሸምድዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። በ2024 ደግሞ የስፓኒሹን ወሰደ። ስፓኒሽም አይናገርም። ቡና ማዘዝ በማይችልበት ቋንቋ ባለቋንቋዎቹን ማሸነፍ! ይህን ስሰማ ያነበብኳቸው ደራሲዎች ሁሉ በአንድ ላይ ሲያቃስቱ የሰማሁ መሰለኝ።

በዚያው በ2015 የእንግሊዝኛውን ዓለም አቀፍ ዋንጫ ያነሣው ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነው። አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ እንግሊዛዊውን ተጋጣሚ 4 ለ 0 ረትቶ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሻምፒዮን ሆነ። ጎረቤቴ ይህን ቁጭ ብለው አያወሩትም፤ ይነሣሉ። ናይጄሪያውያኑ ረጅም ቃል ባለበት ሁሉ ከመሮጥ ይልቅ አምስት ፊደል ያህል ያላትን አጭር ቃል ማውረድ የተሻለ የሚሆንበትን ጊዜ አጥንተዋል። ረጅም ቃል ሰሌዳውን ለተጋጣሚ ይከፍታል፤ አጭሯ ደግሞ በሩን ዘግታ ጥሩ ጥሩውን ፊደል በእጅ ታስቀራለች። እኔ እንኳን በቃል በንግግርም ማሳጠር አልሆነልኝም።

አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ሲሰነብቱ ጨዋታውን ከጎን ሆነው ይከታተሉ ጀመር። እንግሊዝኛ አያውቁም። ግን ገበጣ ተጫውተው ያደጉ ናቸውና ነገሩ የገባቸው ከእኔ ቀድሞ ነው። ጎረቤቴ በወረቀት ጥግ ላይ የወጡትን ፊደላት እየሰረዙ ጠጠሮቹ በሚዘገኑበት ከረጢት የቀረውን ሲያሰሉ አማቴ «አየህ፣ ሰውየው ጠጠር ይቆጥራሉ፤ አንተ ሥዕል ታያለህ» አሉኝ። ከረጢቱን ከዓይን በላይ ከፍ አድርጎ መዝገን ግዴታ መሆኑንም ወደዱት፤ ሌብነትን በመጠርጠር ላይ የተመሠረተ ሕግ ሁሉ ደስ ይላቸዋል።

አንድ ቀን ጨዋታውን በአማርኛ እንሥራው የሚል ሐሳብ አቀረብኩ፤ ቢያንስ በእሱ ላሸንፍ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ብናበዛ 231 ጠጠር፣ ያውም አንድ አንድ ብቻ ሠርተን። ዲቃላዎቹ አልተቆጠሩም። ከዚያ አንዱ በሃሌታው ሀ ሲጽፍ ሌላው በሐመሩ ነው ብሎ ሲከራከር ዳኛው ከየትኛው ደብር ይመጣል? ጎረቤቴ ቁጥሩን ሲሰሙ «ከረጢት ሳይሆን ጆንያ ነው የሚያስፈልጋችሁ» ብለው እንግሊዝኛዎቹን ጠጠሮች በተኑ።

ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ ከነበረች አንዲት አር ጋር ሰባቱን ጠጠሮቻቸውን አያይዘው ስምንት ፊደል ደረደሩ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። «ብሮች» ይላል። ብራችን፣ በእንግሊዝኛው የጨዋታ መዝገብ ውስጥ፣ ከነአማርኛ ብዙ ቁጥሩ! ትርጉሙን የማውቀው ቃል በመጨረሻ መጣ፤ የመጣው ግን በእሳቸው እጅ ነው።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው አማቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። ከጨዋታው ሁሉ ያወቁት ቃል ይህ ብቻ ነው።

«ስንት ብሮች?»

«ሰማንያ» አልኳቸው፣ ነጥቡን።

ጎረቤቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «በይ ቡናውን አንሺ፤ ሰውየው ከባልሽ ኪስ ውስጥ ነው ያሉት።»